አራት ካውያ የጎረሰ ሳጥን

ስሜ ፀሐይ ነው፤ ሥራዬ ማቀዝቀዝ። አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ዕድሜዬን ሙሉ በረዶ ላይ እንደምውል አላወቀም፤ ቢያውቅም የሚቀይረው አይመስለኝም፣ ቀልድ ይወድ ነበር። በሠራሁበት ቤት ሁሉ «ፀሐይ በረዶ» ተብዬ ኖርኩ። ጡረታ በወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው ሲሸኙኝ አንዱ ብድግ አለና «እንግዲህ ፀሐይ ጠለቀች» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ታቦር ተራራ ሥር ባለው ቤቴ ነው የምውለው። ሰው ሁሉ «ማረፍ ጥሩ ነው አይደል?» ሲለኝ «ጥሩ ነው» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። የጎረቤት ፍሪጅ ድምፅ ሲቀይር ከባለቤቱ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ከሥራ ዘመንሽ የቱን ታስታውሻለሽ የሚሉኝ ሰዎች ትልልቆቹን የፋብሪካ ማሽኖች እንድጠራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ መጨረሻ ላይ የገጠመኝ ነው፤ ከጠረጴዛ ሥር የሚገባ፣ ልቤን ሊያቆመው የነበረ አንድ ኮምፒውተር።

እሱን ለማውራት ግን ከበረዶ ቤቱ መነሣት አለብኝ። ሥራ የጀመርኩት በከተማችን ሐይቅ ዳር በነበረ የዓሣ በረዶ ቤት ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ስወጣ ሴት ናት ብለው ቢሮ ሊያስቀምጡኝ አስበው ነበር። የማቀዝቀዣው መርዘኛ ጋዝ፣ አሞኒያ፣ ያፈተለከ ዕለት ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲሮጥ እኔ አፍንጫዬን በሻሼ ይዤ ቫልቩን ስፈልግ አገኙኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ቢሮ ያነሣ የለም። ደመወዙን ተዉት፤ የበረዶ ቤት ደመወዝ እጅ ሳይገባ ይቀልጣል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ከሶዶ የመጡ ቀጭንና ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ማሽን ፊት ሲቆሙ ብቻ ይለሰልሳሉ። መለኪያውን ከማየታቸው በፊት ቧንቧ ይዳስሳሉ። የሚሄደውን ቧንቧ በቀኝ እጃቸው፣ የሚመለሰውን በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ለማያውቃቸው ጸሎት ላይ ያሉ ይመስላሉ። በሁለቱ መዳፎቻቸው መካከል ባለው ልዩነት የማሽኑን ጤና ይነግሩሃል። አንዳንዴም የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ተክለው ያዳምጣሉ። ማሽን ተበላሽቶ አለቆች ሲንጫጩ እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሙቀቱ የት ሄደ?»

መጀመሪያ ጥያቄው አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ተናደው አስረዱኝ። «አንቺ ልጅ፣ ማቀዝቀዝ የሚባል ሥራ የለም። ብርድ የሚሠራ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሙቀት እንግዳ ነው፤ በሩን ካላሳየሽው እዚያው ያድራል። የእኛ ሥራ በር ማሳየት ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዘይትም ሆነ ውሃ፣ ማንኛውንም ፈሳሽ ወደ ማሽን ከማፍሰሳቸው በፊት ጥቂት ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ጣል አድርገው «መጀመሪያ መሬት ይቅመሰው» ይላሉ። ትንሽ ጎንበስ ብለው ያዩታል፣ ከዚያ ይሞላሉ። እኔ እንደ ምርቃት ነገር ነበር የቆጠርኩት። ቁጣቸውን ፈርቼ ለምን እንደሚያደርጉት ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ግን ሳላውቀው ተወረሰብኝና እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሳንጠባጥብ ኖርኩ።

ከበረዶ ቤቱ በኋላ ክር ፋብሪካ፣ ከዚያ ሆቴል፣ በመጨረሻም አንድ ኮሌጅ ጥገና ክፍል ገባሁ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ የተበላሸ ማሽን ሁሉ በጥፊ የሚድን ይመስለው ነበር፤ አንዳንዴ መዳኑ ነው ሰውየውን ያበላሸው። የኮሌጁ አለቃዬ አቶ ግርማ ደግሞ ምንም ካልተነካ ምንም አይበላሽም ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። ጥገና ክፍል ኃላፊ መሆናቸው ብቻ ነበር ስሕተቱ።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት መምህር ሌዳሞ መጣ። ሌዳሞ የቱላ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ሲራመድ እንኳ ወለሉን እንዳያሳምም የሚጠነቀቅ ዓይነት ሰው።

«እትዬ ፀሐይ፣ እርስዎ ፍሪጅ ይሠራሉ አይደል?»

«ፍሪጅ ይጠገናል እንጂ አይሠራም። ምን ሆነህ?»

«ማሽኔን ትኩሳት ይዞታል።»

ተከትዬው ሄድኩ። በሩን ሲከፍተው የወጣው ወበቅ ከፊቴ ተጋጨ። ጠባብ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ለአቧራው በላስቲክ ታሽጓል፣ በሩ ለሌባው ይቆለፋል። ጥግ ላይ ያለው ጥቁር ሳጥን እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ሌዳሞ ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ስሌቱን የሚሠሩ አራት ወፋፍራም ግራፊክስ ካርዶች ተደርድረዋል፤ በላያቸው ስስ የውሃ ቱቦ ይሄዳል፤ ቱቦው ሳጥኑ ውስጥ ካሉ ትንንሽ ራዲያተሮች ጋር ይገናኛል። ውሃው የካርዶቹን ሙቀት ይዞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፣ ማራገቢያዎቹ ያናፍሱታል።

«አራት ካውያ በአንድ ሳጥን ሰክታችሁ ነዋ!» አልኩት።

«ካውያ እንኳን አይሆኑም፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ቢሆኑ ነው።»

«ካውያ እኮ ሲግል ራሱን አጥፍቶ ያርፋል። እነዚህ ያርፋሉ?»

«አያርፉም።»

«እንግዲያው ካውያ ናቸው።»

ራዲያተሩ ላይ እጄን አደረግኩ። ሙቀቱ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ከሳጥኑ ይወጣል፣ ታሽጎ የተዘጋው ክፍል ውስጥ ይዞራል፣ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ የገዛ ላቡን እየጠጣ ነበር። ሲብስበት ራሱን ያጠፋል።

ሌዳሞን ያስጨነቀው መጥፋቱ ብቻ አልነበረም። ማሽኑን ያዋሰው አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ነው። ሰዎቹ መጥተው ሊያዩት ነው፤ ሳምንት ሙሉ ሳይቆም መሥራት ካልቻለ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል። እዚያ ወረፋው ብዙ ነው፤ የእሱ ሥራ ማን ዘንድ ተራ ያገኛል? ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቀው ስለ እናቱ ነገረኝ።

እናቱ ቱላ ነው የሚኖሩት፤ ከሲዳሙ አፎ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። አንድ ጊዜ ታመው ራቅ ያለ ከተማ ለሕክምና ተኝተው ነበር። ሌዳሞ ለጉዳይ ወጣ ባለበት ትኩሳቱ ሲያቃጥላቸው ውሃ ጠየቁ። በሲዳሙ አፎ ውሃ «ዋ» ነው። «ዋ» አሉ። ጎናቸው ያለችው አስታማሚ አማርኛ ተናጋሪ ናት፤ ለእሷ «ዋ!» ዛቻ ነው። «ምን አደረግኩዎት እማማ?» ብላ ራቅ አለች። ደግመው «ዋ» አሉ። ሰውም «ተቆጥተዋል፣ ተዉአቸው ይረፉ» ተባባለ። ልጃቸው እስኪመለስ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። እናቱ ይህን ሲያወሩ እየሳቁ ነው። እሱ ግን ሲነግረኝ አልሳቀም።

«ሰው ያልሰማትን ማሽን እንዲሰማት ነው የምፈልገው፤ ሲዳሙ አፎ ሰምቶ በአማርኛ እንዲጽፍ» አለኝ። ከቱላና ከአካባቢው መንደሮች የብዙ ሰው ድምፅ ቀድቷል፤ ማሽኑ እሱን እየሰማ ነበር የሚማረው። እስካሁን የተማረውን ላሳይዎት ብሎ የእናቱን ድምፅ ከፈተልኝ። ሴትየዋ «ዋ» አሉ። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና ከነቃለ አጋኖው «ዋ!» ብሎ ጻፈ።

«ገና ነው» አለ ሌዳሞ ዓይኑን ሳያነሣ። «በመሃል እየጠፋ ትምህርቱን ሊጨርስ አልቻለም።»

በዚያች ቅጽበት ማሽኑ የእኔም ሆነ።

ለሙቀቱ በር ማሳየት ነበረብኝ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ትንንሾቹን ራዲያተሮች ትቼ በአንድ ትልቅ ራዲያተር መተካት፣ እሱንም ከግድግዳው ውጭ፣ የሐይቁ ነፋስ በሚነፍስበት በኩል መስቀል። ጋራዦቹ ሰፈር ሄጄ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ የቤት መኪና ራዲያተር መረጥኩ። ግድግዳው ተበሳ፣ ቱቦው ወጣ፣ ፓምፕ ጨመርንበት፤ ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝተን ሞላንበት። የተጣራ ነው ይላላ!

ሠራ። እንዴት ያለ ሥራ! ሙቀቱ ወረደ፣ ክፍሉ ሰው የሚቀመጥበት ሆነ። እኔም በኮሌጁ ግቢ ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ። አቶ ግርማን ሳይቀር ይዤ ሄጄ «ይንኩት፣ ይንኩት» አልኳቸው። የሌዳሞ እናት ከቱላ እርጎ ላኩልኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ እርጎ አላስታውስም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ከዚያ የሦስተኛው ካርድ ሙቀት ከወንድሞቹ ከፍ ማለት ጀመረ። በየቀኑ ትንሽ፣ ትንሽ። ሌዳሞ «ልክፈተው ይሆን?» አለኝ፤ እኔ «የሚሠራ ነገር አይነካም» አልኩት። የአቶ ግርማ ቃል ከአፌ ሲወጣ እንኳ አልሰማሁትም። አንድ ረፋድ ላይ ጥሪ ደርሶኝ ስሮጥ ደረስኩ። ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሌዳሞ ካርዱን እንደ ሞተ ዶሮ በሁለት እጁ ይዞት ቆሟል።

ካርዱ ላይ ያለውን የመዳብ ሳህን ፈታነው። ውስጡ ውሃው የሚያልፍባቸው ከጥፍር ውፍረት የጠበቡ ቦዮች አሉ፤ ሁሉም በነጭ ጭቃ ተደፍነዋል። ሌዳሞ በአጉሊ መነጽር አየው፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ፋቀው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ሳህን መዳብ ነው። ራዲያተሩስ?»

አሉሚኒየም ነበር። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አንዱ ሌላውን ይበላል። የታሸገው ውሃ ደግሞ ማዕድን አለበት፤ ያፋጥነዋል። ይህን አላውቅም ነበር ብል እግዜር ይታዘበኛል። ጋሽ ወንድሙ «ሁለት ዓይነት ብረት በአንድ ውሃ አታጋቢ» እያሉ ጆሮዬን አደንቁረውታል። ያብለጨለጨ ነገር አይቼ አጋባሁ። ሌዳሞ ቢሰድበኝ በቀለለኝ። እሱ ግን የሞተውን ካርድ በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና «ሦስት አሉን» አለ።

አቶ ግርማ ጠርተው «ወይዘሮ ፀሐይ፣ ከእንግዲህ ያንን ዕቃ እንዳይነኩት። በሰላም ጡረታዎን ይውጡ» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ምን እላለሁ? ያን ቀን እስከ ታቦር በእግሬ ሄድኩ፤ ባጃጅ ውስጥ ፊቴን ሰው እንዳያየው። አፍሬያለሁ፤ ደግሞም ተናድጃለሁ፤ በሌላ በማንም አይደለም፣ በራሴ።

በማግስቱ ሌዳሞ አቶ ግርማ ቢሮ ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፤ በሩም ገርበብ ብሏል። «ማሽኑን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ምኑ እንደተበላሸ የሚያውቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካልነኩት ማን ይንካው?» ሲል ሰማሁት። ያ ወለሉን የሚጠነቀቅለት ልጅ ጠረጴዛ መታ። አቶ ግርማ «በራሳችሁ ኃላፊነት» አሉ። የሳቸው ምርቃት እሱ ነው።

አሁን ጊዜ የለም፤ እንግዶቹ ሊመጡ ነው። ወደ ከድር ሄድኩ። ከድር ራዲያተር ይበይዳል፣ የመኪና ዕቃም ይሸጣል፤ አባቱም ያው ሥራ ነበራቸው። ከሱቁ ጓሮ ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የወረደ ራዲያተር አገኘሁ፤ በር የሚያክል፣ አቧራ የጠጣ፣ ግን በጥፍሬ ስፍቀው ቀይ መዳብ ብቅ አለ።

«እትዬ ፀሐይ፣ ይሄ ለኮምፒውተር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ ከድር። «ኮምፒውተሩ እንጨት ይጭናል እንዴ?»

«አንተ ዝም ብለህ በይድ።»

የሚያፈሰውን ቦታ ስታኞ አቅልጦ ደፈነው። እኔ በአቼቶና በሙቅ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፤ የሚወጣው ውሃ እንደ ሻይ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ጠላ፣ ከዚያ ነጣ። ሌዳሞ በበኩሉ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ፈታቶ በጥርስ ብሩሽ ቦረሸ። ራዲያተሩን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ፀሐይ ያየው ውሃ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላልና ቱቦውን በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩት። ቱቦው በመስኮቱ አናት ላይ ማለፍ ነበረበት። «አየር ኮረብታ ይወዳል፤ ውሃ በሚወጣበት ኮረብታ ሁሉ ላይ መተንፈሻ አድርጊ» ይሉኝ ነበር ጋሽ ወንድሙ። እዚያ አናት ላይ በእጅ የሚፈታ ትንሽ ክዳን አደረግኩ።

የቀረው ውሃው ነው። በዚህኛው ዙር ሱቅ አልሄድኩም። ለከድር ደወልኩና «የባትሪ ውሃ ላክልኝ፣ ሁለት ጀሪካን» አልኩት፤ ምንም ማዕድን የሌለበት፣ ሰው ባትሪው ሲደርቅ የሚጨምረው ማለቴ ነው። በባጃጅ ላከው። ሌዳሞ ማጥለያውን ይዞ ቆመ። ጀሪካኑን አዘነበልኩ፤ እጄ በራሱ ልማድ መጀመሪያ ወደ ሲሚንቶው ወሰደው። «መሬት ይቅመሰው» አልኩ።

ሲሚንቶው ፈላ።

ፍሽሽ ብሎ ነጭ አረፋ አወጣ። ጀሪካኑን ቀና አድርጌ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አሲድ ነው። ያ ነገር ሦስቱ ካርዶች ውስጥ ቢገባ ስታኞውን በልቶ፣ ቱቦውን አፍስሶ፣ ማሽኑ ዕለቱኑ ያልቅለት ነበር። ጋሽ ወንድሙ ለምን መሬት እንደሚያስቀምሱ የገባኝ እሳቸው ካረፉ ከስንት ዓመት በኋላ በዚያች ደቂቃ ነው። ምርቃት አልነበረም፤ ወይም ምርቃትም ነበረ።

ከድር ላይ በስልክ ጮህኩበት። እሱም ጮኸ።

«እትዬ፣ እኛ ጋ እኮ የባትሪ ውሃ ማለት አሲዱ ነው! ሌላውን ዲስትል ይበሉን እንጂ!»

«ውሃ እያልኩህ አሲድ ትልካለህ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ሁሉም እንዲያ ነው የሚጠራው! አላህ ነው ያወጣዎት!»

ሌዳሞ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንድ ቃል» አለ። «አሁንም አንድ ቃል።» ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም እናቱን ያሰብነው።

ትክክለኛውን ውሃ ከድር ራሱ ይዞት መጣ፤ በእጁም ሲሚንቶው ላይ አንጠባጥቦ አሳየኝ። ሞላነው። ሳጥኑን እንደ ሕፃን ወዲያና ወዲህ እያዘነበልን አየሩን አስወጣን። ማሽኑ ተነሣ፣ ሙቀቱ ወረደ። እንደ በፊቱ ደረቴን አልነፋሁም። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት ሁለቱን ቱቦዎች ጨብጬ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ። ተማሪዎች በመስኮት አይተው ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

እንግዶቹ የደረሱት የሙከራው ሳምንት ሊያልቅ ሲል፣ ምሳ ላይ ነው። አንዲት ኢንጂነርና አንድ የቢሮ ሰው ናቸው። ኢንጂነሯ ሰላማዊት ትባላለች፤ ጥያቄዋ አጭር አጭር ነው። ሌዳሞ ስክሪኑን እያሳያት ያስረዳል፣ አቶ ግርማ ከረባታቸውን ያስተካክላሉ። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ።

ሳጥኑ በባትሪ ስለሚደገፍ አልጠፋም። ውጭ ያለው ትልቁ ፓምፕ ግን ባትሪው ስለማይችለው ቆመ። ይህን አውቀናል፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ነው። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ፓምፑ አጉረመረመ። ሁሉም «እፎይ» አለ። የቢሮው ሰው የሚመለሰውን ቱቦ ነካ አድርጎ «ጎሽ፣ እንዴት ቀዝቅዟል!» አለ።

እኔ ግን ቃሉን አልወደድኩትም። የሚመለሰው ቱቦ ለብ ማለት አለበት። ሮጬ ሁለቱንም ጨበጥኩ። በቀኝ እጄ ያለው ያቃጥላል፣ በግራዬ ያለው በረዶ ነው። ፓምፑ ይዞራል፣ ውሃው ግን አይሄድም። አናት ላይ አየር ተጠራቅሞ መንገዱን ዘግቶታል። ሙቀቱ የት ሄደ? እዚያው ካርዶቹ ውስጥ!

«ሌዳሞ! ስንት ደረሰ?»

«ሰባ ስምንት… ሰማንያ… እየወጣ ነው!»

«ይጥፋ» አሉ አቶ ግርማ። ከጠፋ ደግሞ ሳምንቱ አልሞላም፤ ማሽኑ አዲስ አበባ ነው። ካልጠፋ ሦስቱም ይነዳሉ። ሌዳሞ አየኝ። በፊት «የሚሠራ ነገር አይነካም» ያልኩት ትዝ አለኝ፤ ለእሱም ትዝ ሳይለው አይቀርም።

«ሳላጠፋው ጉልበታቸውን ልቀንስላቸው እችላለሁ» አለ ጣቶቹ እየሮጡ። «ቀስ ብለው ይሠራሉ። ግን ብዙ አይቆይልዎትም።»

«ቀንስልኝ!»

መሰላሉን ይዤ ወጣሁ። መሬቱ ጎርበጥባጣ ነው፣ መሰላሉ ይወላገዳል። ኢንጂነሯ ተከትላኝ ወጥታ «እኔ እይዘዋለሁ፣ ይውጡ» አለችና ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን በሁለት እጇ አቀፈችው። ወጣሁ። ከውስጥ የሌዳሞ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ሰማንያ አራት! እትዬ!» ክዳኑ ጠብቋል፤ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ጠመዘዝኩት። ፊስስስ አለ፤ የአየሩ ድምፅ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ከዚያ ተንገፈገፈና ውሃ ፊቴ ላይ ረጨኝ። ክዳኑን መለስኩና ቱቦውን በመዳፌ ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። አሁንም ቀዝቃዛ ነው። «ጌታ ሆይ» አልኩ። ከዚያ መዳፌ ሥር ቱቦው ደንገጥ እንዳለ ነገር ተንቀጠቀጠና ሙቀት መጣ።

«ቆመ!» አለ ሌዳሞ ከውስጥ። ደሜ ቀጥ አለ። «መውጣቱ ቆመ! እየወረደ ነው!»

መሰላሉ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ፊቴ ቀድሞም ርሶ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም። ኢንጂነሯ ጫማዋን እየተጫማች ስክሪኑን አየችና «አልጠፋም፣ ዝግ ብሎ ነበር እንጂ። እዚሁ ይቆይ» አለች። አቶ ግርማ ወዲያው «እኛም ይህንኑ ስንል ነበር» አሉ።

ሥራ በለቀቅኩበት ሳምንት ሌዳሞ እናቱን ይዟቸው መጣ። ማሽኑ ትምህርቱን ጨርሷል። እናቱ ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው፤ ከቱላ በሚኒባስ፣ ከዚያ ከግቢው በር በእግራቸው መጥተው ላብ በላብ ሆነዋል። ማይክራፎኑ ፊት አስቀመጥናቸው። ከድርም፣ አቶ ግርማም፣ ተማሪዎቹም ክፍሉን ሞልተነዋል። ሴትየዋ ዞር ዞር ብለው አዩን።

«ዋ» አሉ።

ማሽኑ ጻፈ፦ «ውሃ»።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሌዳሞ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እናቱ ደግመው «ዋ» አሉ፤ ማሽኑ ደግሞ «ውሃ» ብሎ ጻፈ፤ እኛም ደግመን አጨበጨብን። ከድር አቀፈኝ። ያን ጊዜ እሳቸው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ድምፃቸውም ከፍ አለ። ሁላችንም ወደ ስክሪኑ ዞርን።

«ልጄ፣ ውሃ ስጡኝ እያልኩ ነው» ይላል።

ጭብጨባው ጸጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ በቱቦ ይዞራል፣ አንድ የሚጠጣ ብርጭቆ ግን የለም። እኔ እስከ ካፌው ሮጥኩ፤ ሞልቼ መጣሁ። ተቀበሉኝ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት፣ ብርጭቆውን መለሱልኝ። ከዚያ ጣታቸውን ልጃቸው ላይ ቀስረው «ዋ!» አሉት።

ማሽኑ «ውሃ» ብሎ ጻፈ። እኔ ከሁለቱ «ዋ» የትኛውን እንዳሉ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ሁለተኛ ብርጭቆ ላመጣ ወጣሁ።